ጳጉሜን የማያውቀው የንጉሥ ሰዓት

ፓዌ ገበያ፣ ከሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛዬ ኋላ ቁጭ ብዬ በየሳምንቱ የምሰማት አንዲት ጥያቄ አለች። «ጋሼ፣ እስቲ እያት፤ ወርቅ ናት?» ከሚጠይቁኝ ብዙዎቹ በአሶሳና በኩርሙክ በኩል ወርቅ ሲያጥቡ ከርመው የመጡ ወጣቶች ናቸው። ጥሬ ወርቅን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል፤ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቅቆ ከአሸዋ ተደባልቆ እንኳ ይለዩታል። የተሠራ ወርቅ ግን ያደናግራቸዋል።

ተቀብዬ አገላብጣታለሁ። ማሰሪያው ክንድን የሚፈትግበት ጠርዝ ላይ ቢጫው ተልጦ ነጭ ብረት ብቅ ካለ ነገሩ አለቀ፤ ቅብ ናት። እውነተኛ የወርቅ ቀፎ ከጀርባው ክዳን ውስጥ 750 የሚል ቁጥር ይታተምበታል። ከሺህ እጅ 750ው ንጹሕ ወርቅ፣ የቀረው መዳብና ብር የመሰለ ሌላ ማዕድን ነው ማለት ነው። 18 ካራት የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ ዓመት ስሠራ ያችን ቁጥር ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ገጿ ላይ «21 ጁወልስ» የሚል ጽሑፍ ያላት ሰዓት የያዘ ሰው ደግሞ ሌላ ተስፋ ይዞ ይመጣል። «ቀያዮቹን ድንጋዮች አውጥተህ ብትሸጥልኝስ?» ይለኛል። ያን ጊዜ መሣሪያዬን አስቀምጬ የማወራው ነገር አለኝ። ዛሬ የምጽፈውም እሱኑ ነው፤ ውድ የሚባል የእጅ ሰዓት ውድ የሆነው ከምን ተነሥቶ እንደሆነና የኛ አገር ወርቅ፣ ፕላቲነምና ኦፓል በዚያ ታሪክ ውስጥ የት እንዳሉ።

ፓዌ የመጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ወሎ ደላንታ ላይ ቤታችን ባዶ ሲቀር ቤተሰቤ ከሰፋሪዎቹ ጋር ተጫነ። የበለስን ወንዝ ተከትሎ የተንጣለለው ቆላ የጉሙዝ ሕዝብ አገር ነበር፤ ዛሬም ነው። እኛ ግን ስንደርስ የማንም ያልሆነ ጫካ መስሎን ነበር። በጣልያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲጀመር ሳሊኒ የሚባለው የጣልያን ኩባንያ መንገዱን፣ ሆስፒታሉንና እርሻውን ሠራ። መንደሮቻችን ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ነበራቸው። ሰው «የየት ነህ?» ሲባል ቁጥር ይጠራ ነበር፤ ልክ በሰዓት ገጽ ላይ ያለን ቦታ እንደሚናገር።

የሥራ ሰዓት የሚታወቀው ዛፍ ላይ በተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ቸርኬው ሲመታ ወደ እርሻ፣ ሲመታ ወደ ምሳ። የእጅ ሰዓትን በቅርብ ያየሁት በፕሮጀክቱ ከሚሠራ አንድ ጣልያናዊ ክንድ ላይ ነው። ውሃ ስናቀብለው እጁን ሲዘረጋ የሴኮንዷ ቆጣሪ ሳትቆም ስትዞር አየሁ። እኛ ቸርኬው እስኪመታ እንጠብቃለን፤ እሱ ጊዜን በክንዱ አስሮ ይዞራል። ያ ነገር ከልቤ አልወጣም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ደሴ ፒያሳ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ፣ እንደኛው በሰፈራ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር። ከአገራቸው ይዘውት የመጡት አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር፤ ውስጡ አጉሊ መነጽር፣ ወረንጦ፣ አምስት ትንንሽ ካቻቢቴዎችና የሰዓት መዘውሮች የሚታጠቡባት የቤንዚን ጠርሙስ። ድርቅ ከቤት ሲያስወጣቸው እህል የሌለው ሰው ያን ሣጥን አልጣለም። ዛሬ ሣጥኑ እኔ ጋ ነው።

ስለ ቀዩ ድንጋይ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። በሰዓት ሆድ ውስጥ ያሉት መዘውሮች ከፀጉር በማይወፍሩ ዘንጎች ላይ ይዞራሉ። አንዲት ተራ ሲኮ 5 በሰዓት 21,600 ጊዜ ትመታለች፤ በሴኮንድ ስድስት መሆኑ ነው። ብረት በብረት ላይ ይህን ያህል ቢፋተግ በጥቂት ዓመት ይበላል። ስለዚህ ጠንካራና ለስላሳ የሆነ ድንጋይ ተበስቶ የዘንጉ ጫፍ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ሩቢ የሚባለውን ቀይ ድንጋይ ለዚህ ሥራ መብሳትን የፈለሰፈው ስዊዛዊው ኒኮላስ ፋሲዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1704 ከሁለት ሰዓት ሠሪዎች ጋር ለንደን ላይ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ድንጋዩ እውነተኛ ስለነበር ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኔይ ሩቢን በእሳት ነበልባል አቅልጦ ማሳደግን ለዓለም አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ በሰዓት ውስጥ ያለው ቀይ ድንጋይ በፋብሪካ የሚሠራ፣ ዋጋውም እምብዛም ያልሆነ ነገር ነው። ለደንበኛዬ የምነግረውም ይህንኑ ነው፤ ድንጋዩ የሚጠቅመው ሰዓቷ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው፤ ከወጣ የአቧራ ያህል ነው።

ይህ ከገባ የወርቁ ታሪክም ይገባል።

የዚህ ምዕራብ ምድር ወርቅ ተጽፎ የሚገኘው ከሩቅ ዘመን ጀምሮ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል የግሪክኛ ጸሐፊ የአክሱም ንጉሥ ነጋዴዎቹን ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር እንደሚልክ ጽፏል። ብዙ የታሪክ ሰዎች ሳሱን ፋዞግሊና ቤኒሻንጉል ካሉበት ከዚህ አካባቢ ጋር ያገናኟታል። ነጋዴዎቹ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከብቱን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥር ላይ ይደረድራሉ። የአገሬው ሰው ይመጣና ከፈለገው ዕቃ አጠገብ ወርቅ አስቀምጦ ይርቃል። ባለዕቃው ከተስማማ ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማ ይተወዋል፤ ያኛውም ይጨምራል ወይም ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። ቃል አይለዋወጡም። ኮስማስ የወርቁን እንክብል ከግብጦ ፍሬ ጋር ያመሳስለዋል። ግብጦ እዚህ አጠገባችን በአገው ምድር የሚዘራው፣ አረቄ የሚወጣው ያው ግብጦ ነው። ያን ባነበብኩ ጊዜ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት የሆነው ነገር ትናንት ቻግኒ ገበያ ያየሁት መሰለኝ።

ያ ወርቅ አክሱም ሲደርስ ምን ይሆን ነበር? የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከእንዱቢስ ጀምሮ የወርቅ ገንዘብ አሳትመዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የወርቁ ሳይሆን የብሩና የመዳቡ ገንዘብ ነው። የአክሱም አንጥረኞች የጣት ጥፍር በምታህል መዳብ ላይ የንጉሡን ራስ ከቀረጹ በኋላ በራሱ ዙሪያ ብቻ ስስ ወርቅ ለይተው ይለብጡ ነበር። በጥንቱ ዓለም ገንዘቡን እንዲህ የሠራ ሌላ መንግሥት የለም። አጉሊ መነጽር በዓይኑ ሰክቶ ለሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጥቂት ወርቅ በብዙ ጥበብ! ዛሬ ጄኔቫ ውስጥ የሚከበረው ሥራ ዓይነቱ ይኸው ነው፤ እኛ ዘንድ ነበረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ግን የሚዛን ታሪክ ነው። የግብጹ ገዥ መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት የፈለገው ባሪያና ወርቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1838 ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ራሱ ወርቁን ሊያይ ወደ ፋዞግሊ ጉዞ ጀመረ። ዐፄ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንንን ወደ ቤኒሻንጉል አዘመቱ። ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ተማርከው ከቆዩ በኋላ ተመልሰው አሶሳን ሲገዙ ለማዕከላዊው መንግሥት ግብሩን በወርቅ ያስገቡ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ያ በወቄት የሚለካ ወርቅ የታጠበው በብዙ የባሪያ ጉልበት መሆኑን ሳይናገሩ ማለፍ ለታሪክ አይገባም። የወርቁ ክብደት በየመዝገቡ ተጽፏል፤ ያጠቡት እጆች ስም አልተጻፈም።

አሁን ወደ ንጉሡ ሰዓት ልምጣ። የጄኔቫው ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1954 የሠራው፣ ለግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተሰጠ የወርቅ እጅ ሰዓት አለ። ዓይነቱ በቁጥር 2497 ይባላል። ጃንሆይ በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድን ጎብኝተዋል። ይህ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ሊሸጥ ሲል የንጉሡ ቤተሰቦች የባለቤትነት ጥያቄ አንሥተው ከጨረታው ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር ወር 2017 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ጄኔቫ ውስጥ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ተሸጠ።

ወርቅ አጣቢዎቹ ይህን ስነግራቸው «ስንት ኪሎ ነው?» ይሉኛል። የአንድ እጅ ሰዓት ቀፎ ወርቁ ቢመዘን ጥቂት አሥርት ግራም ነው። የቀረው ዋጋ ከወዴት መጣ? አንዱ ምንጭ የባለቤቱ ስም ነው። ሌላው በውስጡ ያለው ሥራ ነው። 2497 ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን መሙላትና መጉደል ያሳያል፤ ወሩ 28፣ 29፣ 30 ወይም 31 ቀን መሆኑንም ያለ ሰው እርዳታ ያውቃል። ይህን የሚያደርገው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በሚዞር አንድ ክፍል ነው፤ ጠርዙ ላይ የአርባ ስምንቱ ወራት ርዝመት በጥልቀት ልዩነት ተቆርጦበታል። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገጥም እጅ በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

እኔ ይህን ሰዓት በፎቶ ብቻ ነው ያየሁት። ባየሁት ቁጥር ግን የሚከነክነኝ ነገር አለ። እኩለ ቀን ላይ ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ በንጉሡ አገር ሰዓቱ ስድስት ነው። ወሩ ሲገባ ሰዓቱ ነሐሴን አያውቅም። ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩንም አያውቅም። የኢትዮጵያ ንጉሥ ክንድ ላይ የታሰረው እጅግ የተራቀቀ ዕቃ የንጉሡን ሕዝብ ቀን መቁጠር አይችልም ነበር። በስጦታው አላዝንም፤ ስዊዞቹ የሚያውቁትን ዘመን ነው የሠሩት። የእኛን ዘመን መሥራት የእኛ ፈንታ ነበር።

ደግሞም የእኛው አቆጣጠር ለሰዓት ሠሪ የተመቸ ነው። አሥራ ሁለት ወር ሁሉ እኩል 30 ቀን ነው። የሚለየው ጳጉሜን ብቻ ናት፤ ሦስት ዓመት አምስት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልን የምንዞረው የአራት ዓመት ዙር ከዚያ ከስዊዙ የአራት ዓመት መዘውር ጋር አንድ ነው። እንዲያውም የፈረንጁ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2100 ይሳሳታል፤ ያ ዓመት በእነሱ ሕግ የካቲቱ 28 ቀን ሆኖ ሲቀር መዘውሩ 29 ብሎ ይጠብቃልና በእጅ መታረም አለበት። የእኛ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀኗ በየአራት ዓመቱ ሳያወላውል ስለሚመጣ እንዲህ ያለ እርማት አትፈልግም። አባቶቻችን ባሕረ ሐሳብን ሲያሰሉ ሳያስቡት ለመዘውር የሚገጥም ሕግ ትተውልናል።

ስለ ብርቅዬ ማዕድን ሲነሣ ደግሞ ሰው ወርቅን ብቻ ያስባል። ውድ ሰዓት ሠሪዎች ወርቅን ካለፉ ቆይተዋል። ፕላቲነም ይጠቀማሉ፤ ፓቴክ ፊሊፕ የፕላቲነም ሰዓቱ እንዲለይ በቀፎው ጠርዝ ስድስት ቁጥር ጋ አንዲት ትንሽ አልማዝ ያስቀምጣል። ፕላቲነም ደግሞ ከእኛ ወዲያ ማዶ፣ ምዕራብ ወለጋ ዩብዶ ላይ፣ ከጣልያን ወረራ በፊት ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ማዕድን ነው። ታንታለም የሚባለውን ከባድና ሰማያዊ ግራጫ ብረትም ይጠቀማሉ። ከ3,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፤ ለመቁረጥ እጅግ ያስቸግራል። የፓሪስና የጄኔቫው ባለሙያ ፍራንሷ ፖል ዡርን በሰማያዊ ገጹ የታወቀውን ሰዓቱን ያለበሰው በታንታለም ነው። ታንታለም ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ ላይ ይገኛል። ከናሚቢያ ምድር የተገኘውን ጊቤኦን የተባለ ከሰማይ የወረደ ብረት በስሱ እየሰነጠቁ የሰዓት ገጽ ያደርጉታል፤ በአሲድ ሲታጠብ እንደ ሽመና የተሻገሩ መስመሮች ይወጡበታል። ሪሻር ሚል እ.ኤ.አ. በ2012 ሙሉ ቀፎውን ከሰንፔር ጠርቦ ሠራ። ሮማን ዠሮም ከሰመጠችው ታይታኒክ የወጣ ብረት የተቀላቀለበት ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2007 አወጣ።

ከሁሉ የሚነካኝ ኦፓል ነው። ፒያዤ የሚባለው ቤት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦፓልን ጨምሮ የከበሩ ድንጋዮችን እየላጠ የሰዓት ገጽ ሲያደርግ ኖሯል። ኦፓል በኛ አገር በብዛት የት ተገኘ? በ2000 ዓ.ም. ወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ። ድርቅ ያባረረን ያ ገደል፣ እናቴ እህል አጥታ ዓይኗን ወደ ሰማይ የምታነሣበት ያ መሬት፣ በሆዱ ቀስተ ደመና ይዞ ነበር። ዜናውን ስሰማ መሣሪያዬን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ድንጋዩ በ1977 ተገኝቶ ቢሆን እንኳ የሚቆርጠውና የሚያሳምረው እጅ እኛ ዘንድ ካልነበረ በጆንያ ተመዝኖ ይሄድ ነበር።

ማዕድን ብቻውን ዋጋ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ አለ። ፓቴክ ፊሊፕ 1518 የሚባለውን ሰዓት አብዛኛውን በወርቅ ነበር የሠራው። በአይዝጌ ብረት የታወቁት አራት ብቻ ናቸው። ከእነሱ አንዱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ከ11 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ ለበጎ አድራጎት ጨረታ አንድ ብቻ አድርጎ በብረት የሠራው ሰዓት 31 ሚሊዮን ፍራንክ አወጣ። ብረት! እኛ ለማረሻና ለምስማር የምናውቀው ብረት የንጉሡን ወርቅ ከአሥር እጥፍ በላይ በለጠው።

በተቃራኒው ደግሞ በታኅሣሥ 1969 እ.ኤ.አ. ሲኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ እጅ ሰዓት ሲያወጣ በ18 ካራት ወርቅ አልብሶ በ450,000 የን ሸጠው። ያኔ የአንድ መኪና ዋጋ ያህል ነበር። ጥበቡ በፋብሪካ እንደ ልብ ሲባዛ ግን ዛሬ እዚሁ ገበያችን ውስጥ አዟሪው በትከሻው አንጠልጥሎ የሚሸጠው የፕላስቲክ ሰዓት በዚያው ጥበብ ይሠራል። ዋጋ እጅን ይከተላል። እጅ ሲበረክት ይወርዳል፤ እጅ ሲጠፋ ይወጣል።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። እኛ ከሳሱ ዘመን ጀምሮ የሸጥነው ክብደትን ነው። በኮስማስ ጊዜ በጨውና በበሬ፣ በሼህ ሆጀሌ ጊዜ በግብር፣ ዛሬ ደግሞ በግራም። ሚዛኑ ተለወጠ እንጂ ንግዱ አልተለወጠም። አክሱም ላይ በመዳብ ዙሪያ ወርቅ የለበጠው እጅ መንገዱን አሳይቶን ነበር፤ እኛ ግን ሥራውን ንቀን አንጥረኛውን በክፉ ስም ጠራነው። ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ብለን ልጁን ከልጆቻችን ለየን። የጄኔቫ ሰዎች ሰዓት ሠሪን ሲያከብሩ እኛ የገዛ ባለ እጆቻችንን አዋረድን። ከወርቁ ይልቅ ያጣነው ይህ ይቆጨኛል።

በዚሁ በመተከል፣ ጉባ ላይ፣ በ2003 ዓ.ም. መጋቢት 24 የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ ለጥገና የመጡት ሰዓቶች ሁሉ 9 ቁጥርን ያሳዩ ነበር፤ ጳጉሜን 4 የሚለው ከግድግዳዬ የቀን መቁጠሪያ ላይ ብቻ ነበር። ወንዝን የገደበ ሕዝብ ጳጉሜንን የምታውቅ አንዲት መዘውር መቁረጥ አያቅተውም። የሚጎድለን የሚቀመጥ፣ የሚታገሥ፣ ዓይኑን በአጉሊ መነጽር ላይ የሚያሳድር ልጅ ነው።

ስለዚህ አሶሳም ሆነ ኩርሙክ፣ ማንዱራም ሆነ ፓዌ ላላችሁ ወላጆች እላለሁ፦ ልጃችሁ ወርቅ ሲያጥብ ካያችሁት ማንጠርንም አስተምሩት። በከተሞቻችን ያሉ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም ለአንጥረኛ፣ ለድንጋይ ቆራጭና ለሰዓት ሠሪ አንድ አንድ ክፍል ይስጡ። ጋሼ ያወረሱኝ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አምስቱ ካቻቢቴዎች አሁንም አሉ፤ ጠረጴዛዬ አጠገብም አንድ ባዶ ወንበር አለ። መማር የፈለገ ይምጣ።